በተግባራዊ የባህርይ ትንተና ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ለመማር ከድሬዳዋ ሆኜ ከየት ልጀምር?

የሳቢያን መምህርት፣ ድሬዳዋ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በድሬዳዋ በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በልዩ ፍላጎት ክፍል አስተምራለሁ። በልዩ ፍላጎት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ 7 ዓመት ሆኖኛል። በክፍሌ 11 ልጆች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ኦቲዝም እንዳለባቸው በሐኪም ተረጋግጧል፣ ሁለቱ ደግሞ እኔ የምጠረጥራቸው፣ ነገር ግን እስካሁን ማንም ባለሙያ ያላያቸው ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት በቀን ብዙ ጊዜ የገዛ እጁን እየነከሰ፣ ጠረጴዛውንም በግንባሩ እየመታ አስጨነቀን። የተለመደው መፍትሔያችን ረዳቷ እጁን ይዛ አውጥታ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር እንድታስቀምጠው ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ወዲያው ይረጋጋል፣ እኛም "አየር ፈልጎ ነው" እንላለን። ከኢንተርኔት ካገኘሁት ነጻ ትምህርት ተነሥቼ አንድ ደብተር ላይ አራት ዐምድ አሰመርኩ፤ ሰዓቱን፣ ከድርጊቱ በፊት የሆነውን፣ ድርጊቱን ራሱን፣ ከዚያም እኛ ያደረግነውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳላቋርጥ ጻፍኩ። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው፣ ከ31 ንክሻ ውስጥ 24ቱ የመጣው እርሳስ ከተሰጠው በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ለካስ እጁን ከነከሰ ከጽሕፈት እንደሚያርፍ ያስተማርነው እኛው ነን። ከዚያ በኋላ እርሳሱን በወፍራም ጠመኔ ቀየርኩት፤ "ይብቃኝ" ለማለት ከፍ አድርጎ የሚያሳያት የካርቶን ካርድም ሠራሁለት፤ ካርዷን ባሳየ ቁጥር ሳንከራከር ለአጭር ጊዜ አሳረፍነው። በአንድ ወር ውስጥ ንክሻው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማይታይበት ሳምንት መጣ። ሆኖም ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ ተመለሰ፤ ለምን እንደተመለሰ በደብተሬ ልደርስበት አልቻልኩም።

ተግባራዊ የባህርይ ትንተና የሚባለውን ይህን ሙያ፣ ማለትም አንድ ድርጊት ከምን በኋላ እንደሚመጣና ምን እንደሚያስገኝ እየመዘገቡ ድርጊቱን የመለወጥ ሙያ፣ በደንብ መማር እፈልጋለሁ። ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ ቢሲቢኤ (በቦርድ የተመሰከረለት የባህርይ ተንታኝ) የሚባለውን ምስክር ወረቀት ኢትዮጵያ ሆኖ ማግኘት ይቻል እንደሆነ፣ ማስተርሱን በኦንላይን መጨረስ ያዋጣ እንደሆነ፣ ወይስ በቀጥታ ለሦስተኛ ዲግሪ ማመልከት ይሻል እንደሆነ ነው። በክፍል ውስጥ ያሳለፍኳቸው 7 ዓመታትስ ለተግባር ልምምድ ይቆጠሩልኛል? የባለቤቴ ሥራ እዚሁ ስለሆነና ሁለት ልጆች ስላሉን፣ መልሳችሁ ይህንንም ከግምት ቢያስገባ ደስ ይለኛል።

የከዚራ ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ስሆን፣ አሁን በአሜሪካ በባህርይ ትንተና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴ ነው። እርስዎ በደብተርዎ የሠሩት ሥራ እዚህ በመጀመሪያው የማስተርስ ዓመት ከምናሠራቸው መልመጃዎች አያንስም።

ስለ ምስክር ወረቀቱ በግልጽ ልንገርዎት። ቢሲቢኤን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተቋቋመ ቦርድ ነው። ቀድሞ ከየትኛውም አገር የሚመጣን አመልካች ይቀበል ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ለጊዜው ተፈቅዶላቸው ከነበሩ ጥቂት አገሮች ውጭ ከሚኖር ሰው አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም። ስለዚህ ድሬዳዋ ተቀምጠው በኦንላይን ማስተርስ ቢጨርሱ ዲግሪው የእርስዎ ይሆናል፣ ለፈተናው ግን አይቀመጡም። በመኖሪያ አገር የማይገድቡ፣ አይቢኤኦና ኪውኤቢኤ የሚባሉ ሌሎች ሰጪ ድርጅቶች አሉ፤ የእነርሱን መስፈርት ከገጻቸው ማንበብ ይጠቅምዎታል።

ይሁንና ዋናው ማነቆ ፈተናው እንዳይመስልዎት። ማነቆው ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ብቃት ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር መለማመድ ነው። ለቢሲቢኤ የሚጠየቀው የመስክ ልምምድ 2000 ሰዓት፣ ጥብቅ ክትትል ባለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ 1500 ሰዓት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ከሰዓቱ ቢያንስ ከመቶ 5፣ በሁለተኛው ከመቶ 10 ያህሉ ብቃት ባለው ሱፐርቫይዘር ክትትል ሥር መሆን አለበት። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው የድኅረ ምረቃ ኮርሱን ከጀመሩ በኋላ በመሆኑ፣ የ7 ዓመት ማስተማርዎ ያሳዝናል እንጂ አይቆጠርም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ፤ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማስተማር ከጠቅላላው ሰዓት ከመቶ 40 ሊበልጥ አይችልም። ቀሪው ከመቶ 60 ምዘና መንደፍ፣ መረጃ መተንተን፣ ዕቅድ መጻፍ፣ ወላጅንና ረዳትን ማሠልጠን ነው። እርስዎ ያን ቅዳሜ ቁጭ ብለው የቆጠሩት ዓይነት ሥራ ማለት ነው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ገንዘቤን አቃጥያለሁ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የኦንላይን ፕሮግራም ተመዝግቤ ሦስት ኮርስ ከፈልኩ፤ ሱፐርቫይዘር ማግኘት የተማሪው ኃላፊነት እንደሆነ የተነገረኝ በሦስተኛው ኮርስ መካከል ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከጎረቤት ጄነሬተር እየለመንኩ የተከታተልኩት ትምህርት እንዲያው ቀረ።

ሁለተኛው ጉዳይ ክፍያ ነው። በአሜሪካ ማስተርስ በአብዛኛው ተማሪው ከኪሱ የሚከፍለው ሲሆን፣ ሦስተኛ ዲግሪ ግን በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት የትምህርት ክፍያው ተነሥቶ ወርኃዊ ድጎማ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በርካታ ፕሮግራሞችም ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለሦስተኛ ዲግሪ ይቀበላሉ። ስለዚህ "ደረጃ በደረጃ ልሂድ" የሚለው የእኛ አገር ልማድ እዚህ ላይ ውድ ሊሆን ይችላል። ቢሲቢኤ ላይ "ዲ" ተጨምሮ የሚጻፈውን ማዕረግ በተመለከተ፣ የትምህርት ደረጃን ያመለክታል እንጂ የተለየ የሥራ ሥልጣን አይሰጥም። ሦስተኛ ዲግሪን የሚመርጡት ሌሎችን ለማሠልጠንና ለመመራመር ከሆነ ብቻ ይምረጡት። እንደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲና ምዕራብ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉት በዚህ መስክ የቆዩ ናቸው። ባየር፣ ዎልፍና ሪስሊ የተባሉት ተመራማሪዎች የዘርፉን ሰባት መለኪያዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት ካንሳስ ሆነው ነው።

ሳይኮሎጂስት፣ ሐረር

ወንድሜ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ የመነሻው ሐሳብ ላይ ግን ልከራከረው እፈልጋለሁ። እህታችን የምትጠይቀው ስለ ሙያው ነው፤ ውይይቱ ግን ወዲያው የአሜሪካ ቦርድ ጉዳይ ሆነ። እኔ በሐረር በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሙያ ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት "የባህርይ ተንታኝ" በሚል የሥራ መደብ የተቀጠረ አንድም ሰው አልገጠመኝም። ስንት ዓመት ለፍተው ይዘውት የሚመጡት ማዕረግ በሰው ኃይል ቢሮ ጠረጴዛ ላይ "ይህ ምንድን ነው?" ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በአንጻሩ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ወይም በሳይኮሎጂ የተገኘ ዲግሪ መደብ አለው፤ ደመወዝም አለው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎት ትምህርት እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። እዚያ ገብተው የመመረቂያ ጥናትዎን በባህርይ ምዘና ላይ ቢያደርጉ፣ እነዚያን 11 ልጆችም ለብዙ ዓመት ትተው መሄድ የለብዎትም። በተጨማሪ የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችን ተሞክሯል፤ 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ የተነደፈውም ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሊሰጠው እንዲችል ተደርጎ ነው። ውስጡን ቢያዩት ከባህርይ ትንተና የተወሰደው ነገር ብዙ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ እናት ነበሩ እንጂ ቢሲቢኤ አልነበሩም። ይህን ስል ትምህርትን ለማቃለል አይደለም፤ ከሥራው ይልቅ ማዕረጉ እንዳይቀድም ብዬ ነው።

ደግሞም ሊታለፍ የማይገባ አንድ ነገር አለ። ሁለት ልጆችና ባለቤት ያለው ሰው ለአራትና ለአምስት ዓመት ሲሄድ፣ ስኮላርሺፑ የሚሸፍነው የአንድ ሰው ኑሮ ነው።

አባት፣ ከጀጎል

ባለሙያ አይደለሁም፤ የ9 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን በኋላ አዲስ አበባ ወስደን በአንድ የግል አገልግሎት ለአራት ወር አሠልጥነነው ነበር። የእኔ አስተያየት ስለ ዲግሪው ሳይሆን በዲግሪው ውስጥ ስለሚማሩት ነው።

የልጄ ዕቅድ የመጀመሪያ ግብ "ሲጠራ ዓይን ለዓይን ማየት" የሚል ነበር። አሠልጣኙ አገጩን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ራሱ ያዞረው ነበር፤ ልጁ ሲያለቅስም "ይለምዳል" ይሉናል። በእኛ ቤት አንድ ልጅ አባቱን ወይም አያቱን ትኩር ብሎ ካየ "ምነው ዓይኑን አፈጠጠ?" ይባላል፤ ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ነው የተቀጣ የሚባለው። ልጄ ለእኛ ቤት የማያስፈልገውን ነገር በልቅሶ እንዲማር ይደረግ ነበር።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በቤታችን ሐረሪ እንናገራለን፣ በሰፈር ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ። በመመዘኛ ወረቀቱ ላይ "ውሃ" በሚለው ቃል አጠገብ ለአራት ወር ዜሮ ተጽፎ ነበር። አንድ ቀን ከእናቱ ጋር ሄዳ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠችው የቤታችን ሠራተኛ "እሱ እኮ ቢሻን እያለ ነው" ስትል ነው አሠልጣኙ የነቃው። ልጁ ከእርሷ ሰምቶ ውሃን በኦሮምኛ ሲጠይቅ ነበር የከረመው።

በነገራችን ላይ ለማበረታቻ ይሰጠው የነበረው ከረሜላ ነው፤ ልጄ ከረሜላ አይወድም። ሐረር ከተመለስን በኋላ እናቱ በጥፍር የምታህል ሐላዋ እየቆረሰች ስትሰጠው ነው ጫማውን ማሰር የለመደው። (ለድሬዎች ምክር፦ ሐላዋ በእናንተ ሙቀት እጅ ላይ ስለሚጣበቅ ሙሸበክ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በትንሹ።)

ስለዚህ እህቴ፣ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እነዚህ ጉዳዮች የሚነሡበትና ክርክር የሚደረግባቸው እንዲሆን ለምኜዎታለሁ።

የከዚራ ልጅ

የጀጎሉ አባታችን የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ቀድሞ የጻፍኩት መልስ ጎዶሎ መስሎ ታየኝ።

ያነሡት ቅሬታ በዘርፉ ውስጥ ሥር ያለው ነው። በኦቲዝም ላይ የባህርይ ትንተናን ታዋቂ ያደረገው ሎቫስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ሥልጠና ካገኙ 19 ልጆች 9ኙ በመደበኛ ክፍል የመማር ደረጃ ላይ መድረሳቸውን ገልጿል። ውጤቱ ዓለምን አነጋገረ፤ ዘዴው ግን ቅጣትንም ይጨምር ነበር፤ ልጆቹም በቡድን የተደለደሉት በዕጣ አልነበረም። ዛሬ በዚያ ዓይነት ሥልጠና ያለፉ፣ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂ ሰዎች ቅሬታቸውን በራሳቸው አንደበት እየተናገሩ ነው። በአንጻሩ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ጽሑፍ፣ ግቡን፣ ዘዴውንና ውጤቱን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ሊመዝኑት እንደሚገባ ተከራክሯል። የዓይን ለዓይኑ ግብ በዚህ መለኪያ ከመጀመሪያው ይወድቅ ነበር፤ ምክንያቱም የተጠየቀ አባት አልነበረም።

ስለዚህ ፕሮግራም ሲመርጡ የመምህራኑን ዝና ብቻ አይመልከቱ። ጥናትዎን እንዲመሩልዎ ለሚጽፉላቸው አማካሪ መምህር "የሕክምናውን ግብ የሚመርጠው ማን ነው? ልጁ እምቢ ሲል ተማሪዎቻችሁ ምን እንዲያደርጉ ታስተምራላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከድረ ገጹ የበለጠ ይነግርዎታል።

የሐረሩ ባለሙያ ያነሡት የሥራ መደብ ጉዳይም እውነት ነው፤ እኔም ስመለስ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። አንድ መካከለኛ መንገድ ግን አለ፤ በዩናይትድ ኪንግደም ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ያለው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ዘርፍ ማስተርስ የሚሰጥ ነው። ቼቭኒንግ የሚባለው የዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የተማረው ሰውም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ለእርስዎ ይህ ግዴታ ችግር አይመስለኝም።

የሳቢያን መምህርት፣ ድሬዳዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጀጎሉ ወንድሜ፣ የ"ቢሻን" ታሪክዎን ካነበብኩ በኋላ ጠዋት ወደ ክፍል ገብቼ የሁለት ልጆችን መመዘኛ ወረቀት አወጣሁ፤ አንዷ በሶማልኛ የምትመልስ መሆኗን እናቷ ነገረችኝ። ዜሮውን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት በእፍረት ነው።

ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን የአንድ ዓመቱን መንገድ ለመሞከር፣ ጎን ለጎንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት ወስነናል። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። የኮስት ሼሪንግ ዕዳዬን ስላልጨረስኩ ትራንስክሪፕቴን መላክ አልተቻለም፤ ለአማካሪ የሚጻፈውስ ደብዳቤ ምን ዓይነት መሆን አለበት?

ሳይኮሎጂስት፣ ሐረር

ዕዳውን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጨርሱት። እኔ ለአንድ ዕድል የማመልከቻ ቀን ያለፈብኝ፣ የከፈልኩበት ደረሰኝ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ እስኪደርስ ስጠብቅ ነው። የከፈሉበትን ደረሰኝ ሦስት ኮፒ አድርገው ይያዙ፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ።

የከዚራ ልጅ

ለደብዳቤው ብዙ አይጨነቁ። እኔ በመጀመሪያ ለ19 መምህራን አንድ ዓይነት ደብዳቤ ልኬ ሁለት መልስ ብቻ አገኘሁ፤ ሁለቱም "አመሰግናለሁ፣ ቦታ የለም" የሚሉ ነበሩ። ደብዳቤው "ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው የመርዳት ፍላጎት አለኝ" ብሎ የሚጀምር ነበር። በሁለተኛው ዓመት የመምህሩን አንድ ጽሑፍ አንብቤ፣ ከሥራዬ ጋር የሚገናኝበትን በአንድ አንቀጽ ጽፌ፣ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። እርስዎ የኒሙን ዛፍ ታሪክ ከነቁጥሩ ይጻፉ፤ የልጁን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም ግን አያስገቡ። ያልፈቱትን የግንቦት ጥያቄም አይደብቁ፤ አማካሪ የሚፈልገው ጥያቄ ያለው ተማሪ ነው።

ስለዚያው ጥያቄ አንድ ነገር ልበል። የምዕራብ ሚሺጋኑ ጃክ ማይክል እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ነገር በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚለውጡ ሁኔታዎችን ከሌሎቹ ለይቶ አውጥቷል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ዘንድ ከጽሕፈት ማረፍ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ያኔ ካርዷ የምታስገኝለት አጭር ዕረፍት አትበቃውም፣ ወደለመደው ንክሻም ይመለሳል። የድሬን የግንቦት ሌሊት እኔም አውቀዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ደብተርዎ ላይ ከጠዋቱ ጀምሮ ያለው ሁሉ አለ፣ ሌሊቱ ግን የለም። ለእናቱ አንድ ወረቀት ይስጧትና ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ ውጭ ይሁን ውስጥ የተኛው፣ ሦስት ሳምንት ትጻፍልዎ። ከዚያ አምስተኛውን ዐምድ አስምረው ከንክሻው ቁጥር ጎን ያስቀምጡትና እዚሁ ይጻፉልን።